ቱቦው ወይስ መቆሚያው?
(የከዋክብትን ፎቶግራፍ ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያውን ቴሌስኮፕ ስለ መምረጥ)

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ዘጠኝ ጓደኛሞች ከሻይና ከምሳ ገንዘባችን እየቀነስን ያጠራቀምነውን ብር ይዘን ወደ ከተማ ወረድንና አንድ ቴሌስኮፕ ገዛን። በሣጥኑ ላይ የሳተርን ቀለበት፣ ቀይና ሰማያዊ የጋዝ ደመና፣ ከዚያም በትልልቅ ፊደል «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ከዘጠኛችን ሰባቱ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ሆንን የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለናል። በዚያው ሌሊት ጣራ ላይ ወጥተን ጨረቃን አየናት፤ እውነቱን ለመናገር ጨረቃ አላሳፈረችንም። ነገር ግን አሳባችን ለማየት ብቻ ሳይሆን ፎቶግራፍ አንሥተን በግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ስለ ነበረ፣ ከአንድ ጓደኛችን አጎት የተዋስነውን ካሜራ ከቱቦው ጋር አጋጠምነው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ደክመን አንድም ኮከብ ነጥብ ሆኖ አልወጣልንም። አንዱ ትል ይመስላል፤ ሌላው የተረገጠ ሎሚ ይመስላል።

ዘንድሮ እንደ ገና መዋጮ ተሰብስቧል። አሁን አሥራ አንድ ሆነናል። ገንዘብ ያዣችን ሣጥኑን ስትቆልፍ፣ «ሁለተኛ ብትሳሳቱ ሦስተኛ መዋጮ የለም» ብላናለች፤ እኛም እውነት እንደምትናገር እናውቃለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው እንዳይሆንብን፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ያለፈው ዓመት ስሕተታችን ምን እንደ ነበረና አሁን ምን ልንገዛ እንዳሰብን ለመጽሔታችን አንባቢዎች ልንገልጽ ወደድን። በየፋኩልቲው ይህንኑ የሚመኙ ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉ ሰምተናልና።

በመጀመሪያ ስለ 525 እንናገር። የገዛነው ቱቦ 76 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋትና 700 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት አለው። የትኩረት ርቀት የምንለው ብርሃኑ ከመስተዋቱ ወይም ከሌንሱ ተነሥቶ አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ጥርት ያለ ምስል እስኪሆን ድረስ ያለውን ርቀት ነው። ይህ 700 ለትንሹ የዓይን ሌንስ የትኩረት ርቀት ማለት ለ4 ሲካፈል 175 ይሆናል። በላዩ ሦስት እጥፍ የሚያሳድግ ሌንስ ሲጨመርበት 525 ይመጣል። እንግዲህ ሒሳቡ ልክ ነው፤ ነጋዴው አልዋሸም። ዳሩ ግን በልምድ እንደሚታወቀው አንድ ቴሌስኮፕ ሊጠቅም የሚችለው ማጉላት በመስተዋቱ ስፋት በያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 2 ጊዜ ያህል ነው። የእኛው 76 ሚሊ ሜትር ከ150 ብዙም አያልፍም። ከዚያ በላይ የሚጎላው ብዥታው ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ፤ ይኸውም ፎቶግራፍ ለሚያነሣ ሰው ማጉላት የሚባለው ቍጥር ከቶ ጥቅም የሌለው መሆኑ ነው። ካሜራው የሚገባው በዓይን ሌንሱ ምትክ ነው። የዓይን ሌንሱ ወጥቶ ካሜራው ሲገባ ቴሌስኮፑ ሌላ ነገር ሳይሆን አንድ ረጅም የካሜራ ሌንስ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው «ስንት ጊዜ ያጎላል?» ሳይሆን «ስፋቱ ስንት ነው፤ የትኩረት ርቀቱስ ስንት ነው?» የሚል ነው። የትኩረት ርቀቱ ለስፋቱ ሲካፈል የሚገኘው ቍጥር ደግሞ የቴሌስኮፑን ፍጥነት ይነግረናል፤ ትንሽ ከሆነ ምስሉ ቶሎ ይደምቃል፣ ትልቅ ከሆነ ብዙ ያስጠብቃል። ያ የገዛነው 9 ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚመከሩት ግን ከ5 እስከ 6 ያሉት ናቸው።

ሁለተኛው ችግራችን ካሜራው ምስሉን ማጥራት አለመቻሉ ነበር። ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ብንገፋውም አልደረሰም። ለብዙ ሌሊት ጥፋቱ የእኛ መስሎን እርስ በርሳችን ተቈጣን። በኋላ እንደ ተረዳነው መስተዋቱ ምስሉን የሚሰበስበው ለዓይን እንዲመች ከቱቦው አፍ ቅርብ ላይ ነው። ካሜራችን ግን ፎቶ የሚቀበለው ሰሌዳ በሆዱ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገኝ፣ ከማጋጠሚያው ቀለበት ጋር 55 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይርቃል። ምስሉ እዚያ አይደርስም። ሁለት እጥፍ የሚያሳድግ ሌንስ በመካከል ቢገባ ይደርሳል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ባለ መስተዋት ቱቦ የሚገዛ ሰው «ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ነው ወይ?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ። እንዲህ ያሉ አሉ፤ በሣጥኑ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አይጻፍም።

ሦስተኛው ችግር የሁሉም አባት ነው። ቱቦውን የተሸከመው መቆሚያ ነው ያዋረደን።

ምድር በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ አንድ ጊዜ በዛቢያዋ ላይ ትዞራለች። ይህ በሰዓት 15 ዲግሪ ነው። ዲግሪን በ3600 ብናካፍል የሚገኘውን ትንሽ ክፍል የቅስት ሰከንድ ይሉታል፤ እንግዲህ ሰማዩ በያንዳንዱ ሰከንድ 15 የቅስት ሰከንድ ያህል ይሸሻል። ለዓይን ይህ ምንም አይደለም። ለካሜራ ግን እንዲህ ነው፤ 400 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ባለው ቱቦ ላይ፣ የፒክስሉ መጠን 4 ማይክሮን የሆነ ካሜራ ብናስገባ፣ አንዱ ፒክስል የሚያየው የሰማይ ክፍል 2 የቅስት ሰከንድ ብቻ ነው። በ10 ሰከንድ ውስጥ ኮከቡ 70 ፒክስል አልፎ ሄዷል። የጋዝ ደመና ለማንሣት ደግሞ 10 ሰከንድ ቀርቶ ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ። ትላችን የመጣው ከዚህ ነው። ሎሚያችን የመጣው ደግሞ ቀጭኖቹ የመቆሚያው እግሮች በነፋስና በእኛው ርምጃ ስለሚንቀጠቀጡ ነው፤ ጣራው ላይ አንድ ሰው ሲያስነጥስ በፎቶው ላይ ይታያል ብንል ብዙ አላጋነንም።

መቆሚያ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄድ ተራ መቆሚያ ነው። ሁለተኛው ኢኳቶሪያል የሚባለው ሲሆን፣ አንዱ ምሰሶው ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ ሆኖ ይዘነበላል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሞተር ብቻ ምድር በምትዞርበት ፍጥነት በተቃራኒው እንደ እንዝርት ቢያሾረው ኮከቡ ባለበት ይቆማል። የመጀመሪያውም ዓይነት ቢሆን በሁለት ሞተር ኮከብን ሊከተል ይችላል። ነገር ግን መካከለኛውን ኮከብ ይዞ ሳለ በዙሪያው ያለው ሰማይ በፎቶው ውስጥ ይዞራል። ይህ መዞር በአገራችን ልዩ መልክ አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ የኦሪዮን ኔቡላ በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት ላይ በ75 ዲግሪ ከፍታ፣ ማለት አናታችን ላይ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው፣ ያልፋል። በዚያ ቦታ ሰማዩ በፎቶው ውስጥ በደቂቃ 1 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ያው ኔቡላ አመሻሹ ላይ በምሥራቅ 45 ዲግሪ ከፍታ ላይ ሳለ ግን መዞሩ አሥር ጊዜ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ተራ መቆሚያ ያለው ሰው ተስፋ አይቍረጥ፤ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እያየ በ20ና በ30 ሰከንድ ያንሣ። አናቱን ግን ይተው።

ወደ ኢኳቶሪያሉ ስንመለስ ደግሞ ሌላ አገርኛ ችግር ይገጥመናል። ምሰሶው የሚዘነበለው በአገሩ ኬክሮስ ልክ ነው፤ ለለንደን 51 ዲግሪ ግድም፣ ለእኛ 9 ብቻ። የፋብሪካ ሰዎች ሲሠሩት የሚያስቡት የራሳቸውን ሰማይ ስለ ሆነ፣ አንዳንዱ መቆሚያ ከ15 ዲግሪ በታች አይዘነበልም፤ አንዳንዱም ቢዘነበል ሚዛን ጠባቂው ብረት ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ይህን ያወቅነው ልንገዛ ዋጋ ተነጋግረን ከጨረስን በኋላ፣ ከእኛ መካከል ትዕግሥተኛ የሆነችው እኅታችን የመመሪያውን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብባ ነው። አንድ መስመር ነበረች። ያቺ መስመር መዋጮአችንን አዳነችው።

ከዚያም ምሰሶውን ወደ ሰማይ ዋልታ ማነጣጠር አለ። በአውሮፓ የሚጻፉ መጻሕፍት «የሰሜንን ኮከብ በትንሿ መነጽር ውስጥ አስገባ» ብለው ያልፋሉ። የእኛ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብላ ነው የምትገኘው። ከስድስት ኪሎ ሆኖ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው በዚያ በኩል የሚያየው የእንጦጦን ተራራ ነው፤ ኮከቢቱ ከተራራው ጫፍ በጥቂት ከፍ ብላ፣ በጭጋግና በባሕር ዛፍ ቅጠል መካከል ብልጭ ድርግም ስትል ከተገኘች ዕድል ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ የጥንቱ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ ከሰማይ ወገብ አጠገብ የሚገኝ አንድ ኮከብ በቀትር መስመር ላይ ሳለ ይያዛል። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ከሸሸ ምሰሶው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ስቷል ማለት ነው። ቀጥሎ በምሥራቅ በኩል ያለ ኮከብ ይያዝና ያው ይደረጋል፤ ያኛው የምሰሶውን ከፍታ ስሕተት ይነግራል። ትዕግሥት ካለ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ሁለተኛው መንገድ ካሜራው ያነሣውን ፎቶ ኮምፒዩተር ከከዋክብት መዝገብ ጋር አስተያይቶ ስሕተቱን እንዲያሰላ ማድረግ ነው። ይህ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፤ የሰሜን ኮከብም አያስፈልገውም።

እስካሁን ስለ ቱቦው ምንም አለማለታችን አንባቢን ያስገርመው ይሆናል። ይህን ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ያለፈው ዓመት ዘጠኙም ተሰብስበን ስንከራከር ስለ መቆሚያው አንድም ቃል አልወጣንም። አሁን ግን ከገንዘባችን ከግማሽ የሚበልጠው ለመቆሚያው ይሁን የሚለውን ወስነናል፤ የተቃወመም የለም። መቆሚያም ሲገዛ «10 ኪሎ ይሸከማል» ቢባል ያ ለዓይን ነው። ለፎቶግራፍ 5 ኪሎ ብሎ መቍጠር ነው የሚሻለው።

እዚህ ላይ የአንድ ሰው ታሪክ ማንሣት አለብን፤ የአርትስ ፋኩልቲ ልጆች ነንና ያለ ታሪክ አይሆንልንም። ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ በ1857 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በአሜሪካ በናሽቪል ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ። ገና ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው በአንድ ፎቶግራፍ ቤት ተቀጠረ። በዚያን ዘመን ፎቶግራፍ የሚያድገው በፀሐይ ብርሃን ስለ ነበረ፣ የልጁ ሥራ ቀኑን ሙሉ ጣራ ላይ ቆሞ ትልቁን የማሳደጊያ መሣሪያ ፀሐይን እየተከተለ በእጁ ማዞር ነበር። የመሣሪያው ስም «ጁፒተር» ነበር። እንግዲህ ሞተር የሚሠራውን ሥራ ሕፃኑ በእጁ ሠራው ማለት ነው። ይህ ልጅ አድጎ በካሊፎርንያ በሊክ የከዋክብት መመልከቻ ተቀጠረ። በዚያ ቦታ 91 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በ1888 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ በዘመኑ በዓለም ትልቁ ባለ ሌንስ ቴሌስኮፕ ነበር። ባርናርድ ግን ከ1889 ዓ.ም. ጀምሮ የፍኖተ ሐሊብን ታላላቅ ፎቶግራፎች ያነሣው በዚያ አልነበረም። ያነሣው የሰው ፊት ለማንሣት በተሠራ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው፣ በሌላ ሰው እጅ ባገለገለ የፎቶግራፍ ቤት ሌንስ ነው። ሌንሱን በጥሩ ኢኳቶሪያል መቆሚያ ላይ አሰረው፤ በጎኑ በተጋጠመው መሪ ቴሌስኮፕ አንዲትን ኮከብ በዓይኑ እየጠበቀ ለሰዓታት በብርድ ቆመ። በትልቁ ቴሌስኮፕ ያላየው የሰማይ ስፋት በትንሹ ሌንስ ታየ። ከእኛ ጋር ሆኖ ስለ ትልቅ መስተዋት የሚከራከር ሁሉ ይህን ታሪክ በነገርነው ቍጥር ጥቂት ዝም ይላል።

ስፋት ስንል ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዎች የሰማይ ነገር ሁሉ ትንሽ ስለ ሆነ ማቅረብ ያስፈልጋል ብለው ያስባሉ። እውነቱ ግን ብዙው ትልቅ ሆኖ ደብዛዛ መሆኑ ነው። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ከ3 ዲግሪ ይበልጣል፤ ይህም ስድስት ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚይዙት ቦታ ነው። ሰባቱ ከዋክብት ወደ 2 ዲግሪ ይጠጋሉ። የኦሪዮን ኔቡላ ከ1 ዲግሪ ያልፋል። ተራ ካሜራ፣ የሰሌዳው ወርድ 23.5 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በ400 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ ሲጋጠም 3 ዲግሪ ከሲሶ ያህል ይይዛል። በ1000 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ ግን አንድሮሜዳን ማንሣት የዝሆንን ጕልበት አንሥቶ ዝሆን አነሣሁ እንደ ማለት ነው።

የትኩረት ርቀቱ አጭር ሲሆን ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው። የመቆሚያው ስሕተትም በዚያው መጠን ያንሳል። በ400 ሚሊ ሜትር ይቅር የሚባል መንቀጥቀጥ በ1000 ሚሊ ሜትር ፎቶውን ያበላሻል።

ጁፒተርንና ሳተርንን የሚወድ ሰው ግን ይህ ምክር ለእርሱ አይደለም። ጁፒተር ስፋቱ 45 የቅስት ሰከንድ ያህል ስለ ሆነ፣ ከላይ በተናገርነው ትንሽ ቱቦ 22 ፒክስል ብቻ ይሆናል፤ አንድ ሽምብራ። የፕላኔት መንገድ ሌላ ነው፤ ረጅም ቱቦ፣ ሰፊ መስተዋት፣ በፊልም መልክ በሺህ የሚቈጠሩ ፎቶዎች አንሥቶ የጠሩትን መልቀም ይጠይቃል። ሁለቱንም መንገድ በአንድ ቱቦ ለመሄድ የሞከረ በአንዱም አይደርስም። እኛ በድምፅ ብልጫ የጋዙን ደመና መረጥን፤ ሰባት ለአራት።

እንግዲህ ወደ ቱቦው ደርሰናል። ያሰብነው ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ከ350 እስከ 480 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ባለ ሌንስ ቴሌስኮፕ ነው። ሌንስ ብርሃንን ሲያጥፍ ቀለማቱን እኩል ስለማያጥፋቸው፣ ርካሹ በደማቅ ኮከብ ዙሪያ ሐምራዊ ክብ ይጥላል። ይህን ለመቀነስ ከሌንሶቹ አንዱ ኢዲ ከሚባል ልዩ መስተዋት ይሠራል፤ ሦስት ሌንስ ያለው አፖክሮማት ደግሞ ይበልጥ ያጠራል፣ ዋጋውም ይበልጥ ይከብዳል። ባለ ሁለት ሌንስ ኢዲ ለጀማሪ ይበቃል ብለን እናምናለን። በፎቶው ዳርና ዳር ያሉት ከዋክብት እንዳይጎተቱ ፍላተነር የሚባል ማስተካከያ ሌንስ ከኋላ ይጨመራል። ብዙ ሰው የሱን ዋጋ ረስቶ ነው ገንዘቡን የሚጨርሰው፤ እኛም ረስተነው ነበር።

ካሜራው ያገለገለ ቢሆን ምንም አይደለም። ተራ ካሜራ ፊት ያለው ማጣሪያ 656.3 ናኖ ሜትር ላይ የሚገኘውን የሃይድሮጅን ቀይ ብርሃን አብዛኛውን እንደሚከለክል ግን ይታወቅ። ኦሪዮን ደማቅ ስለ ሆነ እንደዚያም ሆኖ ይወጣል፤ ደብዛዛዎቹ ቀይ ደመናዎች ግን አይወጡም።

ትንሽ ቱቦ ብርሃን ያንሰዋል የሚል አንባቢ አለ። እውነት ነው። ነገር ግን ዛሬ ፎቶ የሚነሣው እንደ ባርናርድ በአንድ ረጅም ጊዜ ሳይሆን በብዙ አጫጭር ጊዜዎች ነው። መቶ ፎቶ እያንዳንዱ በ60 ሰከንድ ይነሣና ሲሪል ወይም ዲፕስካይስታከር በሚባሉ ያለ ዋጋ በሚገኙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ይደራረባል። እውነተኛው ብርሃን በያንዳንዱ ፎቶ ላይ አንድ ቦታ ስለሚቀመጥ ይጠነክራል፤ የካሜራው ቅንጣቢ ድፍርስ ግን ቦታው ስለሚለዋወጥ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አራት ፎቶ ጥራቱን ሁለት እጥፍ፣ መቶ ፎቶ አሥር እጥፍ ያደርገዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ስለ ማምጣቱ። የብሩ ምንዛሬ ከሐምሌ 2024 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን በብር ዋጋ ብንጽፍ ይህ መጽሔት ተባዝቶ ሳይደርቅ ይለወጣል፤ ስለዚህ ትተነዋል። ክብደቱ ግን አይለወጥም። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀድለት 23 ኪሎ ነው፤ እርሱም ለእናቱና ለእኅቶቹ የሚያመጣው አለው። ትንሹ ቱቦ 2 ኪሎ ገደማ ነው፤ እርሱን ማንም አይከለክለንም። ከባዱ ሚዛን ጠባቂው ብረት ነው። ብረት ከባሕር ማዶ ማስመጣት ደግሞ ሞኝነት ስለ መሰለን ወደ መርካቶ ወርደን ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ገባን። «ጋሼ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ መካከሉ የተበሳ ክብ ብረት ይሠሩልን» አልናቸው። «ልጆቼ፣ ለጡንቻ ማጠንከሪያ ነው?» አሉን። «የለም ጋሼ፣ ለኮከብ ነው» ብንላቸው ረጅም ጊዜ ተመለከቱንና ምንም ሳይጠይቁ ለኩ። 3 ኪሎ መጣ። ሥራው ከፋብሪካው አያንስም።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሚዛን ጠባቂ ብረት የማያስፈልጋቸው፣ ክብደታቸው 5 ኪሎ የማይሞላ መቆሚያዎች ወጥተዋል። ለሻንጣ እጅግ ይመቻሉ። በዋጋ ግን ከእኛ አቅም በላይ ናቸው።

ከመካከላችን ሁለት የተቃውሞ አሳቦች ነበሩ፤ ሁለቱንም በቅንነት እንጽፋለን። አንደኛው ወንድማችን፣ የሳይንስ ፋኩልቲ ሰው፣ «በዚያው ገንዘብ 200 ሚሊ ሜትር መስተዋት ያለው፣ በእንጨት ሣጥን ላይ የሚቆም ዶብሶንያን ይገዛል» ይላል። ለዓይን ከሆነ እውነቱን ነው። ያን ያህል ብርሃን በዚያ ዋጋ የሚሰጥ ሌላ መሣሪያ የለም፤ ለማየት የሚገዛ ሰው ሌላ ነገር ባይመለከት ይሻለዋል። ለፎቶግራፍ ግን ከጨረቃ በቀር የትም አያደርሰንም፤ መቆሚያው ሰማዩን አይከተልምና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። አንዲት እኅታችን፣ «እናንተ ስለ ምሰሶና ስለ ብረት ስትከራከሩ ክረምት ይገባል። ሲስታርን እንግዛ» አለች። ሲስታር ኤስ 50 በ2023 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የወጣ፣ 50 ሚሊ ሜትር ስፋትና 250 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው፣ ካሜራውም ሞተሩም ኮምፒዩተሩም በአንድ ሣጥን ውስጥ የተሠራ ትንሽ መሣሪያ ነው። ሲወጣ ዋጋው 500 ዶላር ገደማ ነበር። በስልክ «ኦሪዮን» ይባላል፤ ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ እየተከተለ፣ በ10፣ በ20 ወይም በ30 ሰከንድ እያነሣ ራሱ ይደራርባል። ጓደኛ የሌለው፣ ጊዜ የሌለው፣ ወይም በነጋታው ፈተና ያለበት ተማሪ ይህን ቢገዛ አናፍርበትም፤ እንዲያውም ብቻችንን ብንሆን እኛም የምንገዛው እርሱን ነበር። የተውነው በአንድ ምክንያት ነው። አሥራ አንድ ሰው በአንድ ስልክ ዙሪያ ቆሞ መጠበቅ እንጂ የሚሠራው ነገር የለውም። የእኛ ማኅበር ደግሞ የሚኖረው አንዱ ምሰሶ ሲያቀና፣ ሌላው ባትሪ ሲሸከም፣ ሦስተኛው ሲቈጣ ነው። እኅታችን አልተረታችም። «ሁለተኛ ትላትል ካነሣችሁ በዚህ መጽሔት ላይ ስሜን አታስገቡ» ብላለች፤ ይኸው አላስገባንም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ምንም ቴሌስኮፕ ሳይገዛ ሊጀመር ይችላል። ካሜራና 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ሰው፣ በተራ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ አስሮ 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርቀት ቢያካፍል 10 ያገኛል። ለ10 ሰከንድ ያህል ከዋክብቱ ብዙም ሳይሸሹ ይጠብቁታል። ከከተማ መብራት ርቆ በዚህ ብቻ ፍኖተ ሐሊብን ማንሣት ይቻላል። በሚያዝያና በግንቦት ማታም የደቡብ መስቀል ከደቡብ አድማስ 21 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ የሰሜን አውሮፓ ሰው ከአገሩ ሆኖ ፈጽሞ አያየውም። የሰሜን ኮከብንና የደቡብ መስቀልን በአንድ ሌሊት ማየት ለእኛ የተሰጠ ነው። በዚህም ጥቂት ወር የሠራ ሰው ቴሌስኮፕ ሲገዛ የሚፈልገውን ያውቃል። እኛ ይህን ሳናደርግ ወደ ሱቅ ሮጥን።

ግዢው ለመስከረም መጨረሻ ተቀጥሯል፤ ክረምቱ ሳይወጣ መግዛት ዝናብን በቴሌስኮፕ ማየት ነው። መቆሚያውንና ቱቦውን የሚያመጡልን የአንድ ጓደኛችን አክስት ናቸው። የምናስይዛቸውን ዝርዝር አምስት ጊዜ ጽፈን አምስት ጊዜ ቀደናል። በአሁኑ ዝርዝር ላይ በመጀመሪያው መስመር «መቆሚያ፤ ወደ 9 ዲግሪ የሚዘነበል» የሚል ተጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ያ 3 ኪሎ ብረት አሁን በመኝታ ክፍላችን በር ሥር ነፋስ እንዳይዘጋው ተቀምጧል። የ76 ሚሊ ሜትሩም ቴሌስኮፕ አልተጣለም። ሰማዩ በተገለጠ ሐሙስ ሁሉ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በዚያው ጣራ ላይ ይቆማል፤ ጨረቃን ማየት የፈለገ ይምጣ፣ በ525 እንድናሳየው ግን አይጠይቀን።